ከጠርዙ አንድ እርምጃ

ፍርሃት ሰው ቤት ሲገባ በር አያንኳኳም። ጋሽ ቀስበሉ ልብ ውስጥ የገባው በሞተር ድምፅ ነው፤ ያውም እንደ ጠገበ ድመት ለስላሳ በሚያንኮራፋ የአዲስ ሞተር ድምፅ። ሰኞ ጠዋት የግንባታ ቦታው በር ላይ ሲደርስ ባለ ሰንሰለት መቆፈሪያ ማሽን፣ ኤክስካቫተር፣ ከጭነት መኪና ስትወርድ አየ። ቢጫ ቀለሟ ገና ጭረት አልነካውም። የምሳ ዕቃውን እንደታቀፈ በሩ ላይ ቆመ።

እናቱ ባወጣችለት ስም የሚጠራው ሰው የለም። ሃያ ስድስት ዓመት ቦይ ሲቆፍር ከአፉ የማይጠፋው ቃል «ቀስ በሉ» ስለነበር፣ ቃሉ ስሙ ሆኖ ቀረ። የሚነዳት ባክሆ ሎደርም ቅጽል ስም አላት፤ ጊንጧ ይሏታል። ከፊቷ አፈር የምታፍስበት ሰፊ አካፋ፣ ከኋላዋ የምትቆፍርበት ረጅም ጅራት አላት። ጋሽ ቀስበሉ ወንበሩን ወደ ፊት አዙሮ ያፍሳል፣ ወደ ኋላ አዙሮ ይቆፍራል። ቀለሟ ተልጧል፣ የበሯ መስታወት በላስቲክ ተተክቷል፣ ጠዋት ጠዋት ሳል መላ አካላቷን ሳያንዘፈዝፈው አትነሳም። ግን ትነሳለች።

የሥራው ኃላፊ ኢንጂነሩ ክፉ ሰው አይደለም፤ የልቡን አለሳልሶ መናገር ብቻ አልተማረም።

«ጋሼ፣ አይቀየሙኝ። ለመቆፈር ኤክስካቫተር መጣልን። ለማፈስ ትልቅ ሎደር ይመጣል። ሁለቱንም ትንሽ ትንሽ የምትችል ማሽን ከእንግዲህ ምን ታደርግልናለች? እስከ ዓርብ የክሊኒኩን የውሃ መስመር አብራችሁ ቆፍሩ። በቀን ስንት ሜትር እንደሄዳችሁ አይቼ እወስናለሁ።»

«ከወሰንክ በኋላ ጊንጧ የት ትሄዳለች?»

«የሚገዛት ከተገኘ ትሸጣለች። ካልተገኘ ለመለዋወጫ ትፈታለች።»

ትፈታለች የሚለው ቃል ምሳውን ሲበላ አብሮት ታኘከ። ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት የሞላውን ሰው ማን ለመለዋወጫ ይፈልገዋል?

በአዲሷ ላይ የተቀመጠችው ደግሞ ባዳ አይደለችም፤ የገዛ እህቱ ልጅ ናት። ማሽን መያዝ ያስተማራት እሱ ነው፣ እዚያችው ጊንጧ ላይ።

«አጎቴ፣ ና እስቲ ውስጡን እየው! ቀዝቃዛ አየር አለው!» አለችው ከካቢኗ ብቅ ብላ።

«ገና ሳልሞት ማቀዝቀዣ ውስጥ ምን ያስገባኛል?»

ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። እሱ ግን አልሳቀም።

እሷ ሰፊውን አስፋልት ዳር ይዛ ትነጉዳለች። ለእሱ የደረሰው በክሊኒኩ አጥርና በመኖሪያ ቤቶቹ ግድግዳ መካከል ያለው መተላለፊያ ነው፤ ሁለት ጋሪዎች ሲገናኙ አንዱ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚያሳልፍበት ጠባብ ቦታ። ጊንጧ እንደምንም ትገባለች፤ አዲሷ እዚያ አትገባም። የኢንጂነሩ ወረቀት ግን ሜትር እንጂ ጥበት አይመዘግብም።

ጋሽ ቀስበሉ የማይሽረው አንድ ልማድ ነበረው። ሰው ቦይ ውስጥ ከመውረዱ በፊት ሞተሩን ያጠፋል፣ ከወንበሩ ይወርዳል፣ በጠርዙ እየተራመደ ስንጥቅ ይፈልጋል። የወጣው አፈር ከጠርዙ አንድ ሙሉ እርምጃ መራቁን በገዛ እግሩ ይለካል። ከዚያ በኋላ ብቻ «ግባ» ይላል። እሱ «ግባ» ሳይል የሚወርድ የለም፤ እሱ ካለ ደግሞ የሚጠራጠር የለም። ለእህቱ ልጅም ሲያስተምራት፣ «አፈር የወጣበትን ጉድጓድ አይረሳም። አጠገቡ ካስቀመጥሽው ተመልሶ ይገባል» ይላት ነበር።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ግን ወረቀቱ ታየው፤ በአንድ ረድፍ የእሷ ሜትር፣ በሌላው የእሱ። ጅራቱን እስከ ግድግዳው ማዞር ጊዜ ይበላል። አንዱን አካፋ አፈር ጠርዙ ላይ ደፋው። ለዛሬ ብቻ ነው አለ በልቡ። ሁለተኛውን ደፋ፣ ሦስተኛውን ደፋ፤ ከአራተኛው በኋላ መቁጠሩን ተወ።

ቧንቧ ገጣጣሚው የሴት ልጁ ባል ነው፤ ቁመቱ ከበር የማያሳልፈው፣ አፉ የማያርፍ፣ ሁሉም «ረጅሙ» የሚለው። ቧንቧውን ትከሻው ላይ ይዞ መጣ።

«አባዬ፣ ልግባ?»

ጋሽ ቀስበሉ ሞተሩን አላጠፋም። ከወንበሩም አልወረደም። «ግባ፣ ግባ!» አለ፣ ሁለት ጊዜ።

«ዛሬ ምን ነካዎት? ቀስ ይበሉ እንጂ!» ብሎ ረጅሙ ሳቀና ወረደ።

ብዙ ድምፅ አልነበረውም። ከባድ ሰው ደክሞት ቁጭ ሲል እንደሚተነፍስ ያለ ነገር ተሰማ፤ ከዚያ አቧራ ተነሣ። ጋሽ ቀስበሉ ሞተሩን እንዴት እንዳጠፋ አያስታውስም። ዘሎ ወርዶ ሲያይ የቦዩ አንድ ጎን የለም። አማቹ እስከ ብብቱ አፈር ውጦታል፤ ፊቱ ነጭ፣ አፉ ክፍት። ከክምሩ ግማሹ አልወረደም። ከአማቹ ራስ በላይ ጠርዙን ይዞ ተንጠልጥሏል፤ ከሥሩ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ይሄዳል።

ልጁ በዓይኑ መጣችበት፤ በር ከፍታ «እሱስ?» ስትለው። ሊዘል ሲል፣ አቧራውን አይታ ከመንገዱ የሮጠችው የእህቱ ልጅ ከኋላ ቀሚስ እንደሚያዝ ቱታውን አንቃ ያዘችው።

«ብትዘል ሁለታችሁንም ነው የምንቆፍረው!»

«ልቀቂኝ፣ አንቺ ልጅ!»

«አጎቴ፣ ስማኝ። ሰው ጠርዙን ከረገጠ የቀረው ይወርድበታል። የኔዋ አትገባም፤ ብትገባም ሰንሰለቷ መሬቱን ታንቀጠቅጠዋለች። ጊንጧ ቦዩ ጫፍ ላይ ጠንካራ መሬት ነው የቆመችው። ጅራቷ ይደርሳል። ያንን ክምር ወደ ግድግዳው ጎትተው።»

«ዛሬ እጄን አላምነውም!»

«እኔ አምነዋለሁ። ግባ።»

የራሱን ቃል መለሰችለት። ወጥቶ ተቀመጠ።

አሁን ደግሞ ሌላ ፍርሃት መጣ። ጊንጧ ሳትንዘፈዘፍ አትነሳም። ቁልፉን ይዞ ቀረ። ካስነሳት መሬቱ ይነቃነቃል፤ ካላስነሳት ክምሩ በራሱ ጊዜ ይወርዳል። ዓይኑን ጨፍኖ አዞረው። ሳለች፣ ተንዘፈዘፈች፤ ከክምሩ ላይ ጠጠር እየተንከባለለ ወደ ቦዩ ሲወርድ ሰማ። ከዚያ ሞተሯ ረጋ። ክምሩ እንደተንጠለጠለ ነው።

ከወንበሩ ላይ አማቹ አይታየውም፤ ክምሩ ጋርዶታል። የሚያየው የእህቱን ልጅ እጅ ብቻ ነው። በማዶ በኩል፣ አጥሩን ተደግፋ፣ ጣውላ ላይ ቆማለች። መዳፏ ሲከፈት ና ነው፤ ሲጨበጥ ቁም።

«አንተ ረጅሙ፣ አውራ! ድምፅህን እንስማ!» ብላ ጮኸች።

«ምን... ላውራ?»

«የፈለግከውን! ሚስትህን ቦጭቃት!»

«አባቷ... እየሰማ?»

የጋሽ ቀስበሉ እንባ ጢሙ ላይ ወረደ። የጅራቱን አካፋ ከክምሩ ጀርባ አሳረፈ፤ ሕፃን ከተኛበት ላይ ብርድ ልብስ እንደሚስብ ሰው ወደ ግድግዳው ጎተተ። አንድ። መዳፏ ተከፈተ። ሁለት። ታች ረጅሙ በተቆራረጠ ትንፋሽ፣ ሚስቱ ወጥ ስታሳርር እንኳ ጥፋቱ የድስቱ እንደሆነ እያወራ ነው። ሦስት። አራት።

አምስተኛው ላይ ድምፁ ጠፋ።

እጇ ተጨበጠ። ጅራቱ አየር ላይ ቀረ። ሞተሩ ብቻ ይሰማል። ጋሽ ቀስበሉ የራሱ ልብ ከሞተሩ በላይ ሲመታ ሰማ፤ ገደልኩት፣ ገደልኩት የሚል መሰለው። የእህቱ ልጅ አንገቷን አስግጋ ቁልቁል አየች።

«ረጅሙ!»

ዝም።

«አንተ!»

«አፌ ውስጥ... አፈር ገብቶ ነው» አለ ከታች፣ እየተፋ። «ይህንንም ያሳረረችው እሷ ናት።»

መዳፏ ተከፈተ።

በሰባተኛው ጠርዙ ባዶ ሆነ። ወንበሩን አዙሮ፣ ከፊት ለፊት መንገዱ ላይ ሰዎች የጫኑለትን ጣውላ በሰፊው አካፋ ታቅፎ አመጣ። ወንዶቹ የቦዩን ግራና ቀኝ በጣውላ ደግፈው በእጅ አካፋ ወረዱ። አንድ ሰዓት ፈጀባቸው። ረጅሙ ሲወጣ ሁለት የጎን አጥንቱና አንድ እግሩ ተሰብሯል፤ ክሊኒኩ ግን ከአጥሩ ማዶ ነበርና ከቦዩ በቀጥታ አልጋ ላይ ወጣ።

ሠራተኛው ጊንጧን እንደ ፈረስ መታ መታ አደረጋት። ኢንጂነሩ ላቡን እየጠረገ መጣ።

«ጋሼ፣ ተሳስቻለሁ። ጊንጧ አትሸጥም።»

ሰው ለካ የለመነውን ሲሰጡትም ይፈራል። ጋሽ ቀስበሉ ዝም ቢል ኢንጂነሩ አያውቅበትም ነበር፤ የክምሩ ቦታ ተጎትቶ ጠፍቷል።

«አፈሩን ጠርዙ ላይ የቆለልኩት እኔ ነኝ» አለ። «ሜትር ለማብዛት። ሳልወርድ፣ ሳላይ ግባ አልኩት። የቀበርኩት እኔ ነኝ።»

ኢንጂነሩ በእጁ የያዘውን ወረቀት አየ፣ ቆይቶም አጠፈው።

«ሜትሩን የቆጠርኩት ደግሞ እኔ ነኝ» አለ። «ጊንጧ ትቆያለች። ሰፊው መንገድ የአዲሷ፣ ጠባቡ የእሷ። እርስዎ ግን ወንበሩን ለጊዜው ለእህትዎ ልጅ ይለቃሉ። የእርስዎ ቦታ ጠርዙ ላይ ነው። በየትኛዋም ማሽን በተቆፈረ ቦይ፣ እርስዎ ግባ ሳይሉ ማንም አይወርድም።»

ቢያባርረው ይቀለው ነበር።

ክሊኒኩ በር ላይ ልጁ ቆማ አገኛት። ከሩቅ ሲያያት እግሩ ወደ ኋላ ቀረ።

«‹አባትሽ አወጣኝ› ብሎኛል» አለችው።

«ያስገባሁትም እኔ መሆኔንስ?»

«እሱንም ነግሮኛል።» ከራሱ እስከ እግሩ አየችው። «ና ቁጭ በል። ውሃ ላምጣልህ፣ ከንፈርህ ተሰነጣጥቋል።»

ሦስት ወር አለፈ። ሌላ ጠባብ መተላለፊያ፣ ሌላ ቦይ። የእህቱ ልጅ የጊንጧን ሞተር አጥፍታ ትጠብቃለች። ጋሽ ቀስበሉ ጠርዙን ሦስት ጊዜ ዞረ፣ እርምጃውን ሦስት ጊዜ ለካ። ጣውላው ደህና ነው፣ አፈሩ ርቋል፣ ስንጥቅ የለም። «ግባ» ለማለት ግን አልደፈረም። በሌሎቹ ቦዮች ይለው ነበር፤ ዛሬ ግን እያነከሰ መሰላሉ አጠገብ የቆመው ረጅሙ ነው።

«አባዬ፣ ልግባ?»

ጋሽ ቀስበሉ መሰላሉን ያዘና ራሱ ወረደ። አፈሩ ከጭንቅላቱ በላይ ሆነ። የእርጥብ አፈር ሽታ አፍንጫውን ሞላው፤ ከላይ ቀጭን ሰማይ ብቻ ታየ። ላብ ጀርባውን አጠመቀው። ግድግዳውን በመዳፉ ዳሰሰ፤ ቀዝቃዛ ነው፣ ዝም ያለ ነው። ቢወርድ እኔ ላይ ይውረድ ብሎ ቆመ። ትንፋሹን ሃያ ጊዜ ቆጠረ። ፍርሃቱ አልለቀቀውም፤ ግን ከእግሩ ቀድሞ አልሮጠም።

ወደ ላይ ቀና አለ።

«ግባ» አለ። «ቀስ ብለህ። ይዤሃለሁ።»