በምን ተሰበረ?

በሆስፒታላችን ኮምፒውተር የአጥንት ቀንደኛ ጠላት ደረጃ ነው። እግር የሰበረው ደረጃ፣ ክንድ የሰበረውም ደረጃ፤ ፎቅ ቤት ረግጠው የማያውቁ ሰዎች ሳይቀሩ ከደረጃ ወድቀዋል። ነገሩ ወዲህ ነው። ሐኪሙ «የተሰበረበት ምክንያት» የሚለውን ሳይሞላ ገጹ አይዘጋለትም፤ ከዝርዝሩ አናት ላይ ያለው ደግሞ «ከደረጃ መውደቅ» ነው። የቸኮለ ሰው የመጀመሪያውን ይጫናል። ያልቸኮለ ሐኪም እስካሁን አላጋጠመኝም።

እኔ የምሠራው ካርድ ክፍል ነው። ሐኪሞች የጻፉትን እያነበብኩ ለእያንዳንዱ ሕመም ኮዱን እሰጣለሁ። «የላይኛው ክንድ ተሰብሯል» ማለት ለእኔ ምንም ማለት አይደለም። ቀኝ ነው ግራ? ከትከሻው ሥር ነው፣ ከመሃል ነው፣ ወይስ ከክርኑ በላይ? በምን ተሰበረ? ሁሉም የየራሱ ቁጥር አለው። ያልገባኝን ግን ራሴ ማረም አልችልም፤ መጠየቂያ ወረቀት ጽፌ ለሐኪሙ እሰጣለሁ፣ እሱ አርሞ ይፈርማል። ሃያ ሁለት ዓመት ስጠይቅ ስለኖርኩ ስሜን ትተው «እትዬ ለምን» ይሉኛል። ይበሉኝ፤ ከዚህ የባሰ ስም ያለው ሞልቷል።

የዚያን ቀን ጠዋት የአንዲት ልብስ አጣቢ ካርድ ደረሰኝ። ዕድሜ አርባ አራት፣ ቀኝ ክንድ፣ የላይኛው አጥንት ከመሃሉ። ምክንያት፦ ከደረጃ መውደቅ። ወደ ኋላ ስገልጥ ግን የተቀበለቻት ነርስ በእጇ እንዲህ ጽፋለች፦ «ብርድ ልብስ ስጨምቅ ቀጭ አለብኝ ትላለች።»

ደሜ ፈላ። ብርድ ልብስ የሰው ክንድ ይሰብራል? ባሏ ነው የሰበራት አልኩ በልቤ፤ ሐኪሙም ያንን ላለመጻፍ ደረጃ ላይ ላከከው። ካርዱን ይዤ ነርሷ ጋ ወረድኩ።

ተኝቶ መታከሚያው በር ላይ ጭቅጭቅ ጠበቀኝ። የሴትየዋ ታላቅ ወንድም፣ ግዙፍ የጭነት መኪና ሾፌር፣ መንገዱን ዘግቶ ቆሟል። ባሏ አጠገቧ ተቀምጦ ሾርባ በማንኪያ ያጎርሳታል።

«ዛሬ ስትወጪ ቀጥታ ወደ እኔ ቤት ነው!» አለ ወንድም። «ይሄን ሰውዬ ሁለተኛ አታዪውም።»

«ወንድም ጋሼ፣ ስንቴ ልንገርህ? ማንም አልነካኝም።»

«ባለፈው ጎንሽ ሲሰበርም እንዲሁ ነበር ያልሽው።»

ባልየው ቀና ብሎ እንኳ አላየም። አስራ ዘጠኝ ዓመት አብረው የኖሩበትን ትዳር አንድ የተሰበረ ክንድ ሊያፈርሰው ነው። ነርሷን ወደ ጥግ ወሰድኳት።

«ሲስተር፣ እውነቱን ንገሪኝ።»

«ብቻዋን አድርጌ ሦስቴ ጠየቅኳት፣ ሦስቴም ያው ነው። ገላዋን ሁሉ አየሁት፤ አንዲት የበለዘ ቦታ የላትም። ምሳ ሰዓት ላይ ትወጣለች።»

«ባለፈው ጎንሽ» ያለው ነገር ከጆሮዬ አልወጣም። ወደ ላይ ሮጥኩ፤ የጉልበቴን ነገር ለእኔ ተዉት። የድሮ ካርዷን አወጣሁ። የዛሬ ሦስት ዓመት የኩላሊት ጠጠር። አምና ደግሞ የኩላሊት ጠጠር። የዛሬ ሰባት ወር የጎን አጥንት ስብራት፣ ከደረጃ መውደቅ። ከሥሩ በነርስ እጅ፦ «ስስል ተሰበረ ትላለች።» ኮዱን የሰጠው ሰው ፊርማ የእኔው ነበር። እኔ፣ እትዬ ለምን፣ ሳልጠይቅ አሳልፌዋለሁ! አፈርኩ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ።

መልሱን ለሐኪሙ ማጉረስ አይፈቀድልኝም፤ ሕጉ ጥብቅ ነው። ስለዚህ ካርዱ ውስጥ ያለውን ብቻ በቀን በቀኑ ዘረዘርኩና ከሥሩ ጠየቅኩ፦ «ክንዱ የተሰበረው በመውደቅ ነው፣ በሰው ጉዳት ነው፣ አጥንቱ በሕመም ስለሳሳ ነው፣ ወይስ ሌላ?»

የአጥንት ሐኪሙን ያገኘሁት የመውጫ ወረቀቷን ሊፈርም ሲል ነው።

«እትዬ ለምን፣ ደግሞ መጡ?»

«መጣሁ።»

«እኔ ስብራት ነው የማክመው። ብርድ ልብስ ይሁን ደረጃ ምን ለውጥ ያመጣል?»

«እኔም የሕክምና ሀሁ አላውቅም፣ ዶክተር። ግን እርስዎ ያዩት የዛሬዋን ክንድ ብቻ ነው። እኔ የሦስት ዓመት ወረቀት ይዣለሁ። አንዴ ያንብቡልኝና ከዚያ ያባሩኝ።»

እየተነጫነጨ ማንበብ ጀመረ። ጠጠሩ ላይ ሲደርስ ራጁን መልሶ መብራቱ ላይ ሰቀለና አፍንጫው እስኪነካው ተጠጋው።

«መውጫውን ያዙት» አላት ነርሷን። «ደም ይቀዳላት። ካልሲየም ይታይ፣ አሁኑኑ!»

ውጤቱ ሲመጣ የካልሲየሙ መጠን ጣሪያ ነክቷል። አንገቷ ውስጥ፣ ጤነኛ ሰው ላይ ከስንዴ ፍሬ የማትበልጥ ዕጢ ባቄላ አክላ ተገኘች። ይህቺ ጉድ ናት ለዓመታት አጥንቷን እየቦረቦረች ካልሲየሙን ወደ ደሟ ስትረጭ የኖረችው፤ ጠጠሩም ከእሷ ነው። በሳምንቱ ቀዶ ሐኪሞቹ አወጧት። አጥንቱ ከእንግዲህ እንደሚጠነክር፣ ክንዱም እንደሚገጥም ነገሯት።

በምትወጣበት ቀን ሐኪሙ አስጠራኝ። ወንድምየው አሁንም በሩ ላይ ነው፤ «ዕጢው ሌላ፣ ክንዱ ሌላ» ይላል አሉ። ሴትየዋ ክንዷ እንደታሰረ ከባሏ ጎን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

«የተጻፈውን አንብቢልኝ፣ እህቴ» አለችኝ። «እሱ እንዲሰማ።»

የታረመውንና የተፈረመበትን ገጽ ከፈትኩ። «ቀኝ ክንድ፣ የላይኛው አጥንት፣ መሃሉ ላይ። አልወደቀችም። በሰው አልተመታችም። አጥንቷ በሕመም ሳስቶ፣ ብርድ ልብስ ስትጨምቅ ተሰበረ።»

«ድገሚው። ጮክ ብለሽ።»

ደገምኩት። ኮሪደሩ እስኪሰማ ነው የደገምኩት። ሐኪሙ ራሱ «እውነት ነው፣ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት» አለ። ከሐኪም አፍ እንዲህ ያለ ነገር ሲወጣ ስሰማ በሃያ ሁለት ዓመት የመጀመሪያዬ ነው።

ግዙፉ ሾፌር ወደ አማቹ ዞረ። ሊናገር አፉን ከፈተ፣ እንባው ቀደመው። ባልየው ተነስቶ ትከሻውን ያዘውና «ተው፣ ተው በቃ» አለው፤ እሱም እያለቀሰ።

ሴትየዋ ብቻ አላለቀሰችም። በደህናው እጇ አልጋውን ተደግፋ ቆመች።

«ወንድም ጋሼ፣ መኪናህን አስነሳ» አለች። «ሁለታችንንም ወደ ቤታችን ታደርሰናለህ።»