መኪና የተማረ ልጅ

ኤሊያስ የጽሕፈት መኪናው ፊት ተቀምጦ ጣቶቹን ፊደሎቹ ላይ ደረደረና፣ እግሮቹ ከጠረጴዛው ሥር አንድ ነገር ይፈልጉ ጀመር። በቀኙ ዳበሰ፤ በግራው ዳበሰ። በሩ አጠገብ አግዳሚ ላይ የተቀመጡት አባቱ አቶ ባፈና ልጃቸው ሳንቲም የጣለ መሰላቸው።

«ምን ጠፋብህ?» አሉት ዝቅ ባለ ድምፅ።

«መርገጫው» አለ ኤሊያስ ሳያስበው።

የአውራጃው ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ አቶ ኃይለመለኮት ከመነጽራቸው በላይ አዩት። «የምን መርገጫ? ልጄ፣ አንተ የተማርከው የትኛውን መኪና ነው?»

«የስፌቱን።»

አቶ ኃይለመለኮት ሳቃቸውን ለመዋጥ ታገሉ፤ አልሆነላቸውም። መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ክፉ ሰው ግን አልነበሩም። «አይዞዎት አቶ ባፈና፤ ታይፑን ይማርና ያምጡልኝ። ቦታው እስከ መስከረም ይቆየዋል» ብለው ሸኟቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤሊያስ ስምንተኛን ጨርሶ ከሆመቾ ሆሳዕና ሲገባ አባቱ «መኪና ተማር» ብለው ነበር የላኩት። በእሳቸው ሐሳብ ታይፕ የሚመታ ሰው ወንበር አለው፣ ጥላ አለው፣ ባለጉዳይ ቆሞ ይጠብቀዋል። ልጁ «መኪና ለምጃለሁ» ብሎ ሲልክባቸው ታዲያ የትኛውን ብለው አልጠየቁም። እሁድ ጸሎት ቤት ቆመው አመሰገኑ፤ ምስጋናው ላይም «አውራጃ ቢሮ ሊቀመጥ ነው» የምትል ትንሽ ነገር ጨመሩበት። ጉድ ያፈላችው ያቺ ትንሽ ነገር ናት። ሆመቾ ውስጥ ያልሰማ የለም። ኤሊያስም የአባቱን ደስታ ሲሰማ አንደበቱ ተሳሰረ። ዛሬ እንኳ ወደ ቢሮው ሲሄዱ፣ እውነቱን ሊናገር አፉን በከፈተ ቁጥር አባቱ ምክር እያወረዱ ቀደሙት።

ከግቢው እንደወጡ አማርኛው ለቁጣቸው አልበቃ ብሎ በሐዲይኛ ቀጠሉ። «ወንድሞችህ እንሰት ሲተክሉ አንተን ያስተማርኩህ አጎንብሰህ የሰው ቁምጣ እንድትሰፋ ነው?»

«አባባ፣ እወደዋለሁ።»

«ምኑን?»

«ሁሉን፤ ድምፁን ራሱ። እዚህ ቢሮ ገና ስቀመጥ ላብ አጠመቀኝ። እዚያ ስፌቱ ጋ ግን ሲመሽ አይታወቀኝም።»

«ና ቅደም። ዕቃህን ትሸክፍና እንሄዳለን።»

ኤሊያስን ስፌት ያስተማረው ልብስ ሰፊ ወንዳፈረው የሚሠራው መናኸሪያው አጠገብ፣ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ነው። የገበያ ቀን ስለሆነ በረንዳው በሰው ተጨናንቋል። ከጃጁራ የመጣች ጣቢታ የምትባል ሙሽራ ከእናቷ ጋር ቆማ ቀሚሷን ትጠብቃለች፤ ሠርጉ ነገ ነው።

«የት ጠፋህ ኤሊያስ? ሴቶቹ ሊያለቅሱብኝ ነው» አለ ወንዳፈረው። ሽማግሌው ማን እንደሆኑም አልጠየቀ፤ የነጩን ጨርቅ ጫፍ እጃቸው ላይ አኖረላቸው። «ጋሼ፣ ዝም ብለው ከሚቆሙ ይቺን ይያዙልኝ፤ መሬት እንዳትነካ።»

ልጃቸውን ሊወስዱ የመጡት አቶ ባፈና የሰው ሙሽራ ቀሚስ ታቅፈው ቀሩ። ልልቀቀው ቢሉ ደግሞ ሥሩ ጭቃ ነው።

ኤሊያስ ተቀመጠ፤ እግሩ መርገጫው ላይ አረፈ፤ መኪናው ተንደቀደቀ። ጨርቁ በጣቶቹ መሀል ይፈስሳል። ትንሽ ቆይቶ ልጁ መዝሙር ያንጎራጉር ጀመር። አቶ ባፈና ያን ፊት ካዩት ቆይተዋል፤ ልጁ ትንሽ ሳለ፣ ገና ማንም ምን ትሆናለህ ብሎ ሳይጠይቀው የነበረው ፊት ነው። ደስ አላቸው፤ ደስ ማለታቸውም አናደዳቸው። መዝሙሩ አዝማች ላይ ሲደርስ ግን የእርሳቸውም ከንፈር አብሮ ይንቀሳቀስ ነበር።

ሙሽራዋ የሱቁ ጓዳ ገብታ ለብሳ ስትወጣ በረንዳው በእልልታ ተናጋ። እናቷ የኤሊያስን ራስ ይዘው «እጅህ ይባረክ» ሲሉት፣ ከኋላ ጮክ ብሎ «አሜን» ያለው ሌላ ሰው አልነበረም፤ አቶ ባፈና ናቸው።

ይሄኔ ጎረቤታቸውና የጸሎት ቤታቸው ሽማግሌ አቶ አሳምነው ከገበያው መሀል ብቅ አሉ። «ባፈና፣ እንዴት ሆነላችሁ? ልጁ ቢሮ ገባ?»

አቶ ባፈና መልስ አላጡም። «መኪና ላይ ተቀምጧል» ቢሉ ይበቃ ነበር። ውሸት አይሆንባቸውም፤ ሆመቾም ደስ ብሏት ታድራለች፤ ልጁም እስከ መስከረም ታይፑን ይማርላቸዋል። ቃሉ ምላሳቸው ጫፍ ደረሰ። ዞር ብለው ልጃቸውን አዩት። ኤሊያስ መኪናውን አቁሞ ያያቸዋል።

«ቢሮ አልገባም፤ አይገባምም» አሉ በረንዳው ሁሉ እንዲሰማ። «ልጄ ልብስ ሰፊ ነው። ያቺን ሙሽራ ያለበሳት እሱ ነው።»

አቶ አሳምነው ሙሽራዋን ለማየት አንገታቸውን አሰገጉ።

«የአንተም ኮት ብብቱ ተተርትሯል፤ አውልቀህ ስጠው» አሏቸው አቶ ባፈና፣ ከወንዳፈረው እጅ የሚቀጥለውን ጨርቅ ጫፍ እየተቀበሉ። «ወረፋ ግን ትጠብቃለህ።»