ፍልፈሎቹ የተሰደዱበት ጓሮ

ከካምባ ከተማ በላይ ባለው መንደር ፍልፈል አዳኙ ዳልጮ ነው። የማን እንሰት ሥሩ ተበልቶ እንደሚወድቅ ከባለቤቱ ቀድሞ ያውቃል።

አምና ከመንደሩ የጋራ የግጦሽ መስክ እኩሌታው ለገብስ ተቆፈረ። ዘንድሮ የመንደሩ ገበሬ ውብአየሁ የቀረውንም እንቆፍር አለ። ሽማግሌዎች ሊወስኑ መስኩ ላይ ተቀመጡ። የዳልጮ አንዲት ላም ከዚያ ሌላ የምትግጥበት የላትም።

«መስኩ የፍልፈል አገር ነው» አለ ውብአየሁ። «ብንቆፍረው ገብስም እናገኛለን፣ ከፍልፈልም እንገላገላለን።»

«ፍልፈል አገሩ ሲቆፈር ይሰደዳል እንጂ አይጠፋም» አለ ዳልጮ።

«ጋሽ ዳልጮ፣ ስንቱን በወጥመድ አንቀው ሲያበቁ ዛሬ ጠበቃ ሆኑለት?»

ሰው ሳቀ።

«ስላነቅሁት ነው ዐመሉን የማውቀው። ጉድጓዱን ከከፈትክበት መጥቶ ይደፍናል። ከሌለበት ክፍት ይቀራል። አምና በቆፈርነው ላይ ሦስት ልክፈት፣ በአንተም ጓሮ ሦስት።»

ሽማግሌዎቹ ተስማሙ። ዳልጮ በገብሱ ማሳ ሦስት ከፈተና ሁሉም ወደ ውብአየሁ ጓሮ ወረዱ።

የውብአየሁ ሚስት አገርነሽ በር ላይ ቆመች። «እንሰቱ የእኔ ነው። ማንን ጠይቃችሁ ነው?»

ዳልጮ ነገራት። እሷም፣ «ባዶ ከሆነ እርስዎ ይደፍኑታል» ብላ አስገባቻቸው።

እዚያም ሦስት ከፈተ። ሁሉም ራቅ ብለው ተቀመጡ። ፍልፈል የእግር ኮቴ ከመሬት ውስጥ ይሰማልና የተንቀሳቀሰ የለም። ሽማግሌው ይፍሩ ሳሉን በጋቢው ሲያፍን ዐይኑ እንባ አቀረረ።

የመጀመሪያው ጉድጓድ አፈሩ ተነቃነቀ። ቢጫ ጥርስ ብቅ አለ። ከኋላው ምስር የምታህል ዐይን። ፍልፈሉ ሽማግሌዎቹን አየ፣ አፈሩን ገፋ፣ በሩን ዘጋ። ሁለተኛውም ተደፈነ። ሦስተኛው ሲደፈን ይፍሩ ሳሉንና ሳቁን አብሮ ለቀቀው።

አገርነሽ አልሳቀችም። አንዱን እንሰት በመዳፏ ገፋ ብታደርገው ተጋደመ። ሥር አልነበረውም።

«እንግዶችህን አየሃቸው?» አለችው ባሏን። «ገብስህን ብላ እንግዲህ። ከዚህ ጓሮ ቆጮ አትጠብቅ።»

ወደ ማሳው ተመለሱ። ሦስቱም ጉድጓዶች ክፍት ናቸው።

ውብአየሁ ጭንቅላቱን አከከ። «የቀረው መስክ አይነካ» አለ። «የተቆፈረውም ሣር ይሁን። ግን ፍልፈሎቹ ይመለሳሉ፣ ጋሽ ዳልጮ?»

«መጀመሪያ ሣሩ ይመለስ።»

ሽማግሌዎቹም እንዲሁ ወሰኑ። ቅዳሜ አገርነሽ ባሏን ማሳው ላይ ሣር ስታስተክለው ዋለች። ዳልጮ ዳር ተቀምጦ አየ። አላገዘም።