ሰው አለ

ባሌ ያፌት ባሕር ማዶ በምንኖርበት ኢቶቢኮ ከተማ ውስጥ የጭነት መኪኖች ዲስፓቸር ነው። ሦስት ስክሪን ላይ አፍጥጦ ሾፌር ሲያሰማራ ይውላል፤ ቤት ሲገባ ደግሞ ስልኩ ላይ ተተክሎ ያመሻል። ዓይኑ ደም ከለበሰ ቆይቷል። የሚነግረው ሰው ጠፍቶ አይደለም፤ እኔ ስናገር አይሰማም እንጂ።

ባለፈው ጸደይ እየጎተትኩ የዓይን ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሟ እቅጩን ነገረችው።

"ስክሪን ላይ ስታፈጥ ዓይንህን ማርገብገብ ትረሳለህ፤ የሚደርቀው ለዚያ ነው። ቀኑን ሙሉ ቅርብ ስታይ ስለምትውል ደግሞ ማታ ሩቁ ይባስ ይደበዝዝብሃል። በየመሀሉ ቀና እያልክ ራቅ ያለ ነገር ተመልከት። ያለ መነጽር ግን እንዳትነዳ።"

መነጽሩ ተሠራ። በዚያው ሰሞን እናቱ እማማ አበራሽ ሊጠይቁን ከአዲስ አበባ መጡ። ዓይኑ ላይ ሲያዩት ፊታቸው ተለዋወጠ።

"መነጽር ዓይን ያሰንፋል፤ አንዴ ከለመድከው አበቃልህ" አሉት።

የሐኪም ቃል ከእናት ቃል ጋር መች ይወዳደራል። መነጽሩ የመኪናው ኪስ ውስጥ ገብቶ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ የፊት ወንበር የእማማ ሆነ፤ እኔና ልጃችን ኤፍራታ ከኋላ። መንገዱን ሙሉ "ሰው አለ፣ ቀስ በል" ይላሉ። ፈሪ ናቸው ብዬ አስብ ነበር። ኤፍራታ ድምፃቸውን እያስመሰለች ታስቀኛለች። ያፌት ብቻ አይስቅም፤ "እሺ እማዬ" ይልና ቀዝቀዝ ያደርጋል።

ማክሰኞ እማማን አሳፈርናቸው። ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ያፌት ከሥራ ሲወጣ እኔንና ኤፍራታን ከገበያ ወስዶን በፊንች መንገድ ወደ ቤት ስንመለስ፣ የፊት ወንበር ላይ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ። ይዘንባል። አንዲት ጥቁር ካፖርት የለበሰች ሴት የሕፃን ጋሪ እየገፋች መሻገሪያው ውስጥ ገባች። ያፌት አልቀነሰም። አሁን ያያታል ብዬ ጠበቅሁ። ፊቱ በቀጥታ ወደ እሷ ዞሯል፤ እየነዳ ነው። ያኔ ገባኝ፤ አያያትም።

"ሰው አለ" አልኩ እንደምንም።

ፍሬኑን ረገጠ። ሴትዮዋ በመብራታችን ፊት አልፋ ሄደች።

"እሺ እማዬ" አለ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ።

ኤፍራታ ከኋላ ሳቀች፤ የቀለደ መስሏት ነው። የመኪናውን ኪስ ከፍቼ ብዳብስ መነጽሩ የለም።

"እማዬ ይዛው ሄዳለች" አለ። "ዓይኔ እንዳይበላሽ ብላ።"

ከዚያ ፍሬኑን ለቀቀ።