እነሱ ይጠብቃሉ

መሰላሉን በሁለት እጁ እንደያዘ ኪሱ ውስጥ ስልኩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ትልቋ ልጁ ከላይ፣ ከቅርንጫፎቹ መሃል ሆና፣ አንድ ቀይ ፖም በጣቶቿ ጫፍ እየነካካች ነበር።

"እንዳታነሳው" አለች ሚስቱ። ቅርጫቱን ታቅፋ ከዛፉ ሥር ቆማለች።

"ማን እንደሆነ ልየው ብቻ።"

"ማን እንደሆነማ ታውቃለህ።"

ያውቃል። በእረፍት ቀኑ የሚደውልለት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሾፌር ሆኖ የሚሠራበት የጉዞ ድርጅት የስምሪት ኃላፊ። ይህ ሰው ሲደውል የትም ይሁን የት "አቤት" ብሎ ስለሚያነሳ፣ የሥራ ባልደረቦቹ ስሙን ትተው አቤት ይሉታል። በስሙ ሲጠሩት ዞር ሳይል ቀርቶ በዚህ ሲጠሩት ዞር ያለበት ቀን ሁሉ አለ። አሁን ግን መሰላሉን አልለቀቀም። ስልኩ ዝም አለ። ልጅቷ ፖሙን ቀጥፋ ወደ እናቷ ወረወረችው፤ ቅርጫቱን ስቶ ሲንከባለል ትንሿ ልጅ፣ ሚጣ፣ በረገፈው ቅጠል ላይ እየተንሸራተተች ተከተለችው።

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር የከተማው ሰው ቤተሰቡን ይዞ ወደዚህ የፖም እርሻ ይወጣል። ፖም ይለቅማል፣ በትራክተር ተሳቢ ላይ ተጭኖ እርሻውን ይዞራል፣ ሣሩ ላይ ምንጣፍ ዘርግቶ ይበላል። ያን ሁሉ ሰው ሲያመላልስ የኖረው እሱ ነው። እርሻውን ግን የሚያውቀው ከመኪና ማቆሚያው ነው። ተሳፋሪዎቹ ሲዝናኑ እሱ መስታወት ይወለውላል፣ ወንበር አስተኝቶ ያሸልባል። ልጆቹን "ለሚቀጥለው መኸር" ሲላቸው ብዙ መኸር አልፏል። ዛሬ ጠዋት እንኳን የድርጅቱን ሚኒባስ አቁሞ በሩን ከከፈተላቸው በኋላ፣ እነሱ ሲገቡ እሱ ጨርቅ አውጥቶ መስታወቱን መጥረግ ጀመረ። ትልቋ ተመልሳ መጥታ ጨርቁን ከእጁ ነጠቀችው።

"አባዬ፣ ዛሬ አንተም ተሳፋሪ ነህ" ብላ እየጎተተች አስገባችው።

ጉዞው ለመዝናናት ብቻ አልነበረም። የሚስቱ እህት በሌላ ከተማ ትኖራለች፤ ትልቋ ልጅ እሷ ዘንድ ሄዳ እንድትማር ጠይቃለች። ትምህርት ቤቱ ጥሩ ነው፣ ቤቱ ሰፊ ነው። ልጅቷ ግን እነዚህን አላነሳችም። "እዚያ ማታ እራት ላይ ሁሉም ሰው አለ" ነበር ያለችው። ወላጆቿ ውሳኔውን ለራሷ ሲተዉላት "ከሽርሽሩ በኋላ እነግራችኋለሁ" አለች። አባቷ ይህን ሲሰማ ዕድል የተሰጠው እሱ እንደሆነ ገባው። ስምሪት ቢሮ ሄዶ፣ ደጅ ጠንቶ፣ ሚኒባሱን ለአንድ ቀን አስፈቀደ። ጠዋት ልጅቷ "የዛሬው ረዳትህ እኔ ነኝ" ብላ ከጎኑ፣ የፊት ወንበር ላይ ስትቀመጥ፣ እንደማትሄድ ሳትነግረው የነገረችው መስሎት መንገዱን ሁሉ ሲያፏጭ መጣ።

ስልኩ እንደገና ተንቀጠቀጠ። አንድ እጁን ከመሰላሉ አነሳ።

"አቤት።"

ሚስቱ ቅርጫቱን መሬት ላይ አስቀመጠችና መጥታ እሱ የለቀቀውን የመሰላሉን እግር ያዘች።

የስምሪት ኃላፊው የተናገረው ብዙ አልነበረም። እዚያው እርሻ ውስጥ የድርጅቱ ሌላ መኪና ማርሽ አልገባ ብሎት ቆሟል። ተሳፋሪዎቹ ቤተሰብ ናቸው፤ ሕመም የሚሰማቸው አዛውንት አብረዋቸው አሉ፤ ንፋሱ ደግሞ እየበረታ ነው። እሱ እስከ አስፋልቱ መገንጠያ ቢያደርሳቸው ይበቃል፤ ከዚያ የሚረከባቸው መኪና ይላካል። "ወንድሜ፣ መኪናውን ስትጠይቀኝ ፊት አልነሳሁህም" አለና ዘጋ።

ሰውየው ክፉ አልነበረም። የጠየቀውም ማንም ሊጠይቀው የሚገባ ነገር ነው። ችግሩ የቆሙት ሰዎች ሚኒባሱን ከፊት እስከ ኋላ የሚሞሉ መሆናቸው ነበር። ትርፍ መጫን ክልክል ነው፤ እሱ ደግሞ በሥራ ዘመኑ ትርፍ ጭኖ አያውቅም።

ልጅቷ ከመሰላሉ ወርዳ እጇን እያራገፈች ጠበቀች።

"ቶሎ ነው የምመለሰው" አላቸው። "መገንጠያው ቅርብ ነው።"

"ትራክተሩስ?" አለች ሚጣ።

"ስመለስ አብረን እንወጣለን።"

"ሂድ በቃ" አለች ሚስቱ። "እኛ እንጠብቃለን። ልምድ አለን።"

እስከ እርሻው በር ድረስ ተከተሉት። ከተበላሸው መኪና የወረዱት ተሳፋሪዎች ተሰብስበው ነበር፤ እሱ የሚኒባሱን ተንሸራታች በር ከፈተ፣ አዛውንቷን ደግፎ አስገባ፣ ልጆቻቸውን በየቦታቸው አስቀመጠ፣ ዕቃቸውን ከኋላ ደረደረ። ፊቱም ድምፁም የሥራ ቀን ፊትና ድምፅ ሆነ። "ቀበቶ እንሰር፣ ዕቃ እንዳንረሳ" አለ፤ ሁሌም እንደሚለው። የፊት ወንበር ላይ የልጅቷ ጃኬት ነበር። ለሚቀመጠው ሰው ቦታ ለመልቀቅ አንስቶ መስታወቱ ሥር ወረወረው።

የተሳፋሪዎቹ አባወራ ለመግባት እግሩን ካነሳ በኋላ ቆም ብሎ፣ አጥሩን ተደግፈው ወደቆሙት ሴትና ሁለት ልጆች ተመለከተ።

"እነሱስ? እነሱም መኪና እየጠበቁ ነው እንዴ?"

"ግቡ፣ ግቡ" አለ ሾፌሩ። "እነሱ ይጠብቃሉ። ችግር የለባቸውም፣ ቤተሰብ ናቸው።"

የማን ቤተሰብ እንደሆኑ አልጨመረም። ሰውየውም አልጠየቀም።

መገንጠያው ላይ መኪና አልነበረም። ሲደውል "እየመጣ ነው" ተባለ፤ ቆይቶ ሲደውል "መንገድ ተዘግቶበታል"። አዛውንቷ ከኋላው እያሳሉ ነበር። አባወራው በትሕትና፣ ከተማ ድረስ ቢወስዳቸው ምን ያህል እንደሚያስቸግሩት ጠየቀው። ወደ ሚስቱ ደወለ፤ አላነሳችም። ወደ ልጁ ደወለ፤ ጥሪው የተሰማው ከመስታወቱ ሥር፣ ከጃኬቱ ኪስ ውስጥ ነበር። ጃኬቷን ይዞባት መሄዱን ያወቀው ያኔ ነው። ውጭ ንፋሱ የመንገዱን ቅጠል ጠራርጎ ፊት ለፊት መስታወቱ ላይ እየደፋ ነበር።

ወደ ከተማው ነዳ።

"ልጄ፣ አንተስ ልጆች አሉህ?" አሉት አዛውንቷ መንገድ ላይ።

"ሁለት አሉኝ፣ እማማ።"

"የታደሉ ናቸው። አባታቸው ሁሌ እንዲህ ያለ ቦታ የሚመላለስ።" ከዘንቢላቸው ፖም አውጥተው በወንበሮቹ መሃል አቀበሉት። "ውሰድላቸው።"

ተቀብሎ አመሰገነ። ሲያወርዳቸው አባወራው ጉርሻ ሊሰጠው እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ፣ ሾፌሩ ሳያየው መኪናውን አዙሮ ነበር።

እርሻው ሲደርስ ጨልሟል። ትራክተሩ ሸራ ለብሶ ቆሟል፣ መሰላሎቹ ተሰብስበው ግድግዳው ላይ ተደግፈዋል። ሦስቱም በእርሻው ዘበኛ ቤት ውስጥ፣ አግዳሚ ላይ ተጠጋግተው ተቀምጠው ነበር። ሚጣ እናቷ ጭን ላይ ተኝታለች። ትልቋ የዘበኛውን ካፖርት ደርባለች፤ እጅጌው ጣቶቿን ውጧቸዋል። ዘበኛው ቀና ብሎ አየውና "ተሳፋሪ ለመውሰድ ነው?" አለው። የሥራ ቀን ፊቱን ነው የሚያውቀው።

"አዎ" አለች ሚስቱ ቀድማ። "እኛን ነው።"

ልጅቷ ካፖርቱን አጣጥፋ ለዘበኛው መለሰች፣ አመሰገነችው፣ ወጣች። የፊቱን በር አልፋ የኋላውን ከፈተች፤ ጥግ ላይ፣ ጠዋት ባዶ በነበረው ወንበር ተቀመጠች።

"ፊት ነይ እንጂ" አላት። "ረዳቴ አይደለሽ?"

"እዚህ ይሻለኛል።"

ጥቂት እንደተጓዙ ምክንያቱን መዘርዘር ጀመረ፤ መገንጠያው ላይ መኪና እንደጠፋ፣ አዛውንቷ ሲያስሉ እንደነበር፣ በዚያ ብርድ ሜዳ ላይ ሊያወርዳቸው እንዳልቻለ። ስለ ፖሟም ነገራቸው። ሚስቱ መስኮቱን ታያለች። የመለሰችለት ልጁ ናት።

"ጥሩ አደረግህ አባዬ።"

"የምሬን እኮ ነው።"

"እኔም የምሬን ነው። ሴትዮዋን ሜዳ ላይ ብትተዋቸው ደስ አይለኝም ነበር።" ድምጿ ውስጥ ሽሙጥ ፈልጎ አጣ። ቢያገኝ ይሻለው ነበር። "እኛ ደግሞ ችግር የለብንም። ቤተሰብ ነን።"

በሩ ላይ ለአባወራው ያለውን ሰምታለች ማለት ነው። በተናገረበት ሰዓት ትክክለኛ ነገር የተናገረ መስሎት ነበር፤ አሁንም ስህተቱ የትኛው ቃል ላይ እንደሆነ መለየት አልቻለም።

"አክስቴ ጋ እሄዳለሁ" አለች። "ሰኞ። ራሷ መጥታ ትወስደኛለች።"

ሚጣ በእንቅልፏ ተገላበጠች። የእሱ ስልክ መስታወቱ ሥር አበራና መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ መኪናው ውስጥ ያሉት ሁሉ ማን እንደሆነ ያውቃሉ።

"አባዬ፣ ስልክህ" አለች ልጅቷ፤ መንገደኛ ለመንገደኛ እንደሚናገረው።

መኪናውን ዳር አስይዞ አቆመ። አነሳው፤ "አቤት" ግን አላለም።

"ሃሎ? አቤት? አንተ ነህ?" አለ የስምሪት ኃላፊው። ከዚያ ምስጋናውን አዥጎደጎደው፤ ሰዎቹ ደውለው እንዴት እንዳሞገሱት፣ ድርጅቱን እንዴት እንዳስከበረ ነገረው። ሰኞም እዚያው እርሻ የሚሄድ ቡድን አለ፤ መንገዱን ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።

"ሰኞ አልችልም።"

"ምን አልከኝ?"

"ሰኞ አልችልም። ልጄን የማደርስበት ቦታ አለኝ። መኪናውንም አልፈልግም፤ በሕዝብ አውቶብስ ነው የምንሄደው። ሌላ ሰው መድብ።"

ወዲያ በኩል ያለው ሰው የተሳሳተ ቁጥር የደወለ ሳይመስለው አልቀረም። ሾፌሩ ስልኩን ዘግቶ ወደ ኋላ ሳይዞር ተናገረ።

"አክስትሽ አትልፋ። እኔ አደርስሻለሁ። ከጎንሽ ተቀምጬ።"

"ለመሸኘት ጊዜ አገኘህ" አለች ሚስቱ፣ አሁንም ወደ መስኮቱ እንደዞረች።

ጃኬቱን አንስቶ በወንበሮቹ መሃል ወደ ኋላ አሳለፈው። ልጅቷ ተቀብላ ለበሰችው፣ ከኪሱ ስልኳን አውጥታ ለአክስቷ መጻፍ ጀመረች። የስልኩ ብርሃን ፊቷን በኋላ ማሳያው መስታወት፣ በስፖኪዮው ውስጥ አመጣለት። እንባ ይኑራት አይኑራት ሳያይ ስፖኪዮውን በመዳፉ ወደ ጣሪያው አዞረው፤ ከዚያ ማርሹን አስገብቶ፣ ከኋላው ማን እንደተቀመጠ እንደማያውቅ ሾፌር መንገዱን ብቻ እያየ ነዳ።