ሰኞ ነይ

...ትልቁን እንቁላል ግን ለማንም አትሰጥም፣ ሩዙ አናት ላይ አስቀምጣ ሳህኑን ከድናዋለች፣ ልጅቷ እስክትመጣ እንዳይቀዘቅዝ፣ የትምህርት ቤቱ ምግብ አብሳይ ከሆነች ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ጭልፋው እንደዛሬ ከብዷት አያውቅም።

ካርድ የለም። ከዛሬ ጀምሮ በገንዘብ የሚገዛ የምሳ ካርድ ብሎ ነገር የለም፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው አዋጅ ማንኛውም ተማሪ ያለ ምንም ክፍያ የተመጣጠነ ምግብ የማግኘት መብት አለው ይላል፣ ማኅተም አለው፣ ተፈጻሚ የሚሆነው ከሰኞ ጀምሮ፣ ታዲያ ሰኞ ይሁን ያለችው እሷ ናት? ሐሙስ ዕለት ያቺ የአራተኛ ክፍሏ ኮስማና መስኮቱ ላይ አገጯን አስደግፋ እትዬ ዛሬ ብቻ ስትላት ዳይሬክተሩ ከኋላ ቆሞ ነበር፣ ቆሞ ነበር? ኧረ አልነበረም፣ ማንም አልነበረም፣ ድስቱ ውስጥ ሩዝ ነበር፣ ራሷ ናት ካርድ የሌለው አይበላም ሰኞ ነይ ያለቻት፣ ሰኞ ለሁሉም ነው? ስትላት፣ ለሁሉም አልኩሽ፣ ሂጂ አሁን ሰልፉን አትዝጊ። እሺ ብላ ሄደች። ያ እሺታዋ ነው አንጀቷን የሚበላት። የተረፈውን ለዘበኛው ውሻ ደፋችለት። ለውሻ!

ቀስ በሉ አትጋፉ፣ ዛሬ ለሁሉም ይደርሳል፣ አራተኛ ክፍል አለቀ እንዴ፣ አሟት ይሆናል፣ ጉንፋን ነው፣ ነገ ትመጣለች፣ ይኸው መምህርቷ መጣች፣ የኔ እመቤት ያቺ ቀጭኗ ልጅ የት ቀረች? እ፣ እሷማ አቋረጠች እትዬ፣ ቅዳሜ እናቷ ሰው ቤት አስገባቻት፣ እዚያ ቢያንስ ትበላለች አለችኝ።

ቢያንስ ትበላለች።

የአሥር ዓመት ልጅ፣ የሰው ልጅ አዝላ፣ የሰው ዕቃ እያጠበች፣ አንድ ቀን እኮ ነበር የቀረው፣ ዓርብ ብቻ፣ አንድ ጭልፋ ብትጨልፍላት ምን ትሆን ነበር፣ ከሥራ ያባርሯት ነበር? ያባርሯት! እናቷስ በአንድ ጭልፋ ሐሳቧን ትቀይር ነበር? እንጃ። እንጃ አይደለም አንቺ ሴት፣ ራስሽን አትሸንግዪ፣ ሰኞ ነይ ከማለት ዛሬውኑ ብዪ ማለት ትችዪ ነበር።

ዳይሬክተሩ ከላይ ከመጣ እንግዳ ጋር ይገባል፣ እንግዳው ወረቀት ይዟል፣ ፈገግ ብሏል፣ እናቴ፣ ሳይበላ የቀረ ተማሪ አለ?

ክዳኑን በመዳፏ ጫን ታደርገዋለች። ልጅቷ ከመዝገብ ወጥታለች፣ ተማሪ አይደለችም፣ የለም ጌታዬ ትላለች፣ ሁሉም በልቷል፣ እንግዳውም ይጽፋል። ክዳኑ ገና ይሞቃል።