ይቅርታ የማይባልበት ጨዋታ

በየካቲት መጨረሻ አንድ እሑድ፣ የባሌ እህት ሺና የምስር ሾርባ እየቀዳች የግንቦቱን ጉዞ ውሳኔ እኔ ላይ ጣለችው። ምርጫው በሁለት የባሕር ዳር ሪዞርቶች መካከል ነበር፤ በምሥራቁ ጠረፍ ካርንቤግ፣ በምዕራቡ ኪልቫራ። ሁለቱም ባሕር ትቶት በሄደው አሸዋ ላይ ሣር የበቀለባቸው የጎልፍ ሜዳዎች ናቸው፤ በሁለቱም ተጫዋች ቦርሳውን በትከሻው ተሸክሞ፣ ነፋሱን በፊቱ እየተቀበለ በእግሩ ይሄዳል።

"ሠላሳ ዓመት ካርታ ያስተማርሽ አንቺ ነሽ" አለችኝ። "አወዳድሪና ንገሪን።"

የሺና ባል አርቺ በኅዳር ዳሌውን አስቀይሯል። ሐኪሙ በደልዳላ መሬት የፈለገውን ያህል እንዲሄድ፣ ዳገት ግን እስከ መስከረም እንዳይሞክር ነግሮታል። ሺና ሪዞርቶቹ ለታመመ ሰው ትንሽ መኪና እንደሚያከራዩ ስታነሳ አርቺ ማንኪያውን አስቀመጠ።

"እዚያች ውስጥ ከምቀመጥ ሬሳ ሣጥን ውስጥ ልቀመጥ" አለ። ወዲያው ወደ እኔ ዞር ብሎ አየኝና ጆሮው ቀላ። ዳቦውን አቀበልኩት። ባለቤቴ ኒኒየን ከሞተ አሥራ አምስት ወሩ ነበር።

በገበታው ዙሪያ አራተኛዋ ሮና ነበረች። ሮና የእንስሳት ሐኪም ናት፤ ረጅም፣ እጇ ሰፊ፣ ላም እንደምታረጋጋ አድርጋ ዝግ ብላ የምታወራ። ለአሥራ አንድ ዓመት በየግንቦቱ ወደ ካርንቤግ የሚሄዱት ሺና፣ አርቺ፣ ኒኒየንና እሷ ነበሩ። እኔ አልጫወትም ነበር፤ ቤት ቀርቼ የፈተና ወረቀት አርም ነበር። ባለፉት ሁለት ግንቦቶች ማንም አልሄደም። ዘንድሮ በኒኒየን ቦታ የምገባው እኔ ነኝ።

የሚጫወቱት ጨዋታ የጥንድ ነው። ሁለት ሰዎች አንድ ኳስ ይጋራሉ፤ አንዱ ይመታል፣ ሌላው ኳሱ ከቆመበት ይቀጥላል፤ በሜዳው ካሉት አሥራ ስምንት ቀዳዳዎች በእያንዳንዱ ኳሱ እስኪገባ እንዲህ ይፈራረቃሉ። ሮናና ኒኒየን ጥንድ ነበሩ። በመካከላቸው የሚያሳፍር ነገር አልነበረም፤ ይህን የምለው ራሴን ለማጽናናት ሳይሆን ስለማውቅ ነው። ግን ኒኒየን ጠዋት የአጃ ገንፎ እያማሰለ "ሮና እስከ ቀዳዳው ሰማንያ እርምጃ ሲተርፋት ነው ደስ የሚላት" ይል ነበር። አንዲት ሴት የምትወደውን ርቀት በእርምጃ ያውቅ ነበር፤ ኳሱንም እዚያ ሊያኖርላት ይደክም ነበር። እኔ ሃያ ስድስት ዓመት አብሬው ኖሬ እንዲህ ተለክቶ የተቀመጠልኝ ነገር ትዝ አይለኝም።

በኒኒየን የመጨረሻ ዓመት፣ ሐሙስ ሐሙስ ቤተ መጻሕፍት እሄዳለሁ እያልኩ በድብቅ ጎልፍ መማር ጀመርኩ። በግንቦት ላስገርመው ነበር። በሚያዝያ ሆስፒታል ገባ። ምስጢሬን የነገርኩት አልጋው አጠገብ ነው። ሳቀ፤ ሳሉ እስኪያቋርጠው ድረስ ሳቀ፤ ከዚያ ጃንጥላዬን እንደ መምቻ ዱላ አስይዞኝ የግራ አውራ ጣቴን ትንሽ ወደ ቀኝ ገፋ አደረገልኝ። ከእሱ ያገኘሁት ትምህርት ይህ ብቻ ነው።

ስለዚህ ካርንቤግን አልፈለግሁም። በካርንቤግ የክለቡ ቤት ግድግዳ ላይ ከጨለማ እንጨት የተሠራ ሰሌዳ አለ፤ የየዓመቱ የጥንድ አሸናፊዎች ስም በወርቅ ቀለም ይጻፍበታል። ኒኒየንና ሮና ሦስት ጊዜ አሉበት። ፎቶውን አይቼዋለሁ። ኪልቫራን ግን ማንም አያውቀውም ብዬ አሰብኩ። እዚያ ሮና "ኒኒየን ከዚህ ጋ እኮ" ብላ የምትጀምረው ወሬ አይኖራትም፤ ሁላችንም እኩል እንግዶች እንሆናለን።

በሚቀጥለው ሳምንት ካርታዎቹን ዘርግቼ ሰንጠረዥ ሠራሁ። የመንገዱን ርዝመት፣ የነፋሱን አቅጣጫ፣ የአልጋውን ምቾት፣ የእራቱን ሰዓት ጻፍኩ። ለካርንቤግ ከፍታ "ከባሕር እስከ አሥራ ሁለት ሜትር" ብዬ ሞላሁ። በኪልቫራ ግን ከስድስተኛው ቀዳዳ በኋላ የከፍታ መስመሮቹ ተጣብቀው ጠቁረዋል፤ ሰባተኛውና ስምንተኛው በአሸዋ ተራራ ጀርባ ላይ ይወጣሉ። እዚያ ሳጥን ውስጥ "ወጣ ገባ" ብዬ ጻፍኩ። ተማሪዬ እንዲህ ቢመልስልኝ ዜሮ እሰጠው ነበር።

በመጋቢት ሁለተኛው እሑድ ሰንጠረዡን አነበብኩላቸው። ሺና ለዓይኗ አዲስ ነገር ስለሚሆን ኪልቫራን ወደደችው። አርቺ በ"ወጣ ገባው" ላይ ስደርስ ዳሌውን መታ መታ አድርጎ ይህ ብረት ከእኔ በፊት ይደርሳል አለ። ሮና ወረቀቱን ተቀብላ ረጅም ጊዜ አየችው፤ ከዚያ አጥፋ መለሰችልኝ። ኪልቫራ ሆነ።

ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ካፖርቶቻችንን ስንለብስ እኔና ሮና ብቻ ነበርን።

"ሰባተኛውን ታውቂዋለሽ?" አለችኝ።

"በካርታ።"

"እኔ በእግሬ ነው የማውቀው። ከኒኒየን ጋር ነበርኩ። ከመታመሙ በፊት በነበረው መስከረም፣ ለጥንድ ውድድር።" ቁልፎቿን ከኪሷ ፈልጋ አወጣች። "አናቱ ላይ ተቀመጠ፤ ትንፋሹ እስኪመለስ ግማሽ ሰዓት ጠበቅን። አርቺ እዚያ አይወጣም፣ ኤልስፔት።"

በዚያ መስከረም ወደ ምዕራብ ለውድድር እንደሄደ አውቃለሁ። ዝናብ እንደነበር፣ የዓሣ ሾርባው ጥሩ እንደነበር ነግሮኛል። የሜዳውን ስም አልጠየቅሁም። ስለ ትንፋሹ አልነገረኝም።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አልኩ።

"እንዳልነግርሽ ለመነኝ።"

ሮና ካርታውን በተመለከተ ለማንም እንደማትናገር፣ ራሴ እንዳስተካክለው ነገረችኝና ወጣች። ለዚያ ጨዋነቷ ያደረብኝ ጥላቻ አሁንም ይገርመኛል። መኪና ውስጥ ገብቼ ሞተሩን ሳላስነሳ ቆየሁ። ለካ ሞቱን ቀድማ ያየችው እሷ ናት። ባሌ የደከመበትን ቦታ፣ የተቀመጠበትን ሣር፣ ፊቱ የመሰለውን መልክ ታውቃለች። እኔ እስከ ሚያዝያ ደህና ሰው አብሮኝ ያለ መስሎኝ ሐሙስ ሐሙስ ኳስ ስመታ ከረምኩ። ከእሷ የሸሸሁበት ጠረፍ ደግሞ ይኸው የእነሱ ሆኖ ተገኘ።

በነጋታው ለሺና ደወልኩላት። ካርታውን ተሳስቼ አንብቤዋለሁ፤ ኪልቫራ ዳገት ነው፣ አርቺን ይጎዳዋል አልኳት።

"አንቺ በካርታ ተሳሳትሽ?" አለች። "እንግዲያው እኛ ጭራሽ ከቤት አንውጣ።" ስትስቅ ሰማኋት፤ ከዚያ ሳቋን አቆመችና "ካርንቤግ ይከብድሻል ብዬ እኮ ነው ኪልቫራን የመረጥኩት" አለች።

አይከብደኝም አልኳት።

በግንቦት ካርንቤግ ስንደርስ እሾሃማው ቁጥቋጦ ቢጫ አበባውን አውጥቶ ነበር። ሰሌዳው በፎቶው ላይ ከሚመስለው ያንሳል። ሦስቱንም ዓመታት ፈልጌ አነበብኩ፤ የወርቁ ቀለም በኒኒየን ስም መጨረሻ ላይ ትንሽ ተልጧል። ሌሎቹ ሾርባ ሲያዝዙ እኔን ላለማየት ይጠነቀቁ ነበር።

ሺና ስለ ጥንዶቹ አስቀድማ አስባበታለች። እኔ ከአርቺ፣ እሷ ከሮና። ደግነቷ ገብቶኛል። እኔ ግን ከሮና ጋር እጫወታለሁ አልኩ። አርቺ "ሁለት ሐኪም የሚያስፈልገው እኔ ነኝ፣ ሐኪሟን ወሰድሽብኝ" ብሎ አሾፈ፤ ማንም አልተከራከረኝም።

ምክንያቴን አልተናገርኩም። ለዓመታት የሮናን ቦታ ስመኝ ኖሬያለሁ። ያ ቦታ ከእንግዲህ ለማንም የለም። የኒኒየን ቦታ ግን አለ። ሮና መትታ ኳሱ የሚቆምበት ሁሉ እሱ የቆመበት ነው። እዚያ ሄጄ መቆም፣ እሱ ያየውን ማየት ፈለግሁ። ተጋማሽ ቁጥር ያላቸውን ቀዳዳዎች፣ ሁለተኛውን፣ አራተኛውን እያለ፣ የሚጀምረው እሱ ነበር፤ እኔም እነሱን ጀመርኩ።

ሮና ጎበዝ ናት፤ ኳሷ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። እኔ ወደ ግራ አስወጣለሁ፣ አሸዋ ጉድጓድ ውስጥ እከታለሁ፤ እሷ ገብታ ታወጣዋለች። ወደ ኳሱ ስንሄድ ብዙ አላወራንም። አንዴ ቆማ "እዚህ ጋ ሁልጊዜ ያፏጭ ነበር" አለች። አውቃለሁ ለማለት አፌን ከፈትኩ፤ አላውቅም ነበርና ዘጋሁት።

አሥራ አራተኛው ላይ ሜዳውን የሚያቋርጥ ወንዝ አለ። ኒኒየን ገንፎ እያማሰለ በስልክ ለሮና ደጋግሞ የሚተነትነው ይህን ቀዳዳ ነበር። የግራ አውራ ጣቴን ወደ ቀኝ ገፋ አደረግሁ። መታሁ። ኳሱ ዝቅ ብሎ ሄዶ ውሃው ውስጥ ገባ።

"ይቅርታ" አልኩ።

"አይባልም" አለች ሮና። ቁጣ አልነበረባትም። "በጥንድ ጨዋታ ይቅርታ አይባልም፤ ሁለታችንም የቻልነውን ነው የምንመታው። ኒኒየን በአሥራ አንድ ዓመት አንድ ቀን ብሎኝ አያውቅም።"

ወንዙን አየሁት።

ቤት ውስጥ በየቀኑ ይል ነበር። ሻይ ሲያፈስስ ይል ነበር፤ ጋዜጣውን ቀድሞኝ ሲያነብ ይል ነበር። በዚያ መስከረም ከምዕራብ የመጣ ዕለት፣ እርጥብ ቦርሳውን እንደተሸከመ በር ላይ ቆሞ "ይቅርታ፣ ኤልስፔት" አለኝ። ወለሉ ላይ ጭቃ ነበር፤ ስለ ጭቃው መስሎኝ "ተወው፣ እኔ እጠርገዋለሁ" አልኩት። አልተንቀሳቀሰም ነበር። መጥረጊያ ይዤ ስመለስም እዚያው ቆሞ ያየኝ ነበር።

ይህን ለሮና ልነግራት እችል ነበር። ዳገቱን፣ ፉጨቱን፣ ይቅርታ አለማለቱን ሰጥታኛለች፤ በምላሹ አንድ ነገር ብሰጣት ደንብ ነበር። አየኋት። ከወንዙ ወዲህ አዲስ ኳስ ጥላ፣ እግሮቿን እያመቻቸች ነበር።

አልነገርኳትም።

መታች። ኳሱ ወንዙን ተሻግሮ፣ ሁለቴ ነጥሮ፣ ቀዳዳው ከሚገኝበት አጭር ሣር ቀደም ብሎ ቆመ። ቦርሳዬን አነሳሁና ትንሿን ድልድይ ተሻገርኩ። ቀጣዩ ምት የእኔ ነበር።